አንድ ኪሎ ከሩብ

የምሠራበት ክፍል መስኮቱ ወደ ባሕር ነው፤ ግን ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ አያስከፍትም። አሰብ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራዬ በነዳጅ ማጣሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ዘይትና ጋዝ በወፍራም መስታወት ውስጥ አብረው ሲጨመቁ፣ ጋዙ መቼ ሙሉ በሙሉ በዘይቱ ተውጦ አንድ ፈሳሽ እንደሚሆን፣ መቼስ ተመልሶ እንደሚለይ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ከማየቴ በፊት ግን ሁልጊዜ ግምቴን በትንሽ ወረቀት ላይ አሰፍርና አጥፌ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ይህን አድርጊ ያለኝ የለም። የውጭ አገር ሰው የሆነው አለቃዬ አንድ ቀን አይቶኝ «ጠንቃቃ ሴት» አለኝ። ጥንቃቄ ቢሆን ደስ ባለኝ። ቅናት ነው። ዳንግላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ይህን መስታወት አንድ ጊዜ ብታየው ከኔ ቀድማ ትናገራለች እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ግምቴ ሲስት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ከኋላዬ ቆማ የሳቀች ይመስለኛል።

በካቻምናው የፍልሰታ ጾም ነገሩን ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። በሰው እንደምቀና ብቻ ነበር መጀመሪያ የነገርኳቸው።

«በባል ነው ልጄ?»

«አይደለም አባ።»

«በሀብት?»

«በላምባ ነው አባ።»

«በላምባ የቀና ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እስቲ ከሥሩ ጀምሪ» አሉኝ። ያን ጊዜ ለእሳቸው እንደነገርኳቸው ነው አሁን የምጽፈው።

የቆሰበር ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያው ቀዳሽ ቄስ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቆሰበር ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል ስለማያልፍ ሰባተኛንና ስምንተኛን የተማርኩት ዳንግላ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ሴቶች ሁለት ብቻ ቀርተን ነበር፤ እኔና የጥርባዋ ልጅ። እሷ ከጥርባ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ቤቷ የሚነገረው አገውኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ከትምህርት ቤትና ከገበያ ነው። ስትናገር ትሮጣለች፤ ስትጽፍ ግን ብዕሩ ከጣቷ ጋር የተጣላ ይመስል ነበር። እኔን «የቄስ ልጅ» ትለኛለች፤ ስሜን ስትጠራ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የሳይንስ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። አማርኛ ያስተማራቸው ሰው ከሰው ሁሉ ጋር በአክብሮት እንዲናገሩ መክሯቸው ኖሮ ተማሪውንም፣ ዘበኛውንም፣ የጋሪ ፈረሱንም እርስዎ ይሉ ነበር። ከጤና ጣቢያው ጠርዙ የተሸረፈ ትልቅ የመስታወት ሲሪንጅ ለምነው አመጡና የዓመቱ ትምህርታችን በዚያ ላይ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነበር። አቼቶ በሶዳ ላይ እናፈስና የሚወጣውን ጋዝ እንሰበስባለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ጠላ ሲብላላ ከጋኑ የሚወጣው ያው ነው ብለው ነገሩን። ከዚያ ሲሪንጁ ውስጥ አንድ እጅ ላምባ፣ ሁለት እጅ ጋዝ እናስገባና የታች ጫፉን ደፍነን እንወዘውዘዋለን። ላምባው ከጋዙ የቻለውን ያህል ይውጣል፤ የተረፈው ከላይ ይቀመጣል። ሲሪንጁን በእንጨት መቆሚያ እናቆመውና በመግፊያው ራስ ላይ ከአንድ ነጋዴ የተዋስነውን የሚዛን ብረት እየጨመርን እንጭናለን። ክብደቱ ሲበዛ የተረፈውም ጋዝ እየተጨመቀ ወደ ላምባው ይገባል። በመጨረሻ አንዲት አረፋ ብቻ ትቀራለች፤ እሷም ትጠፋለች። ሁለት የነበረው አንድ ይሆናል። ብረቱን ስናነሣው ያችው አረፋ ከየት መጣች ሳትባል ተመልሳ ትመጣለች። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አማተብኩ።

መምህሩ ግን በማየት አልረኩም። የመጨረሻዋን አረፋ የሚያጠፋው ስንት ኪሎ እንደሆነ ገና ብረት ሳይጫን እንድንናገር ነበር የሚፈልጉት።

«ማየት ፍየልም ያያሉ» ይሉናል። «እርስዎ ቀድመው ይናገሩ!»

የመጀመሪያው ቁርሾ የተነሣው ከጫፉ መድፈኛ ነው። በምን እንድፈነው ሲባል እኔ ፈጥኜ ከአባቴ ዘንድ ያመጣሁትን የጧፍ ቁራጭ አቀረብኩ። ንጹሕ ሰም ነው፣ ውኃ አያሳልፍም፣ እንዴት ያለ ሐሳብ አመጣሁ ብዬ ኮራሁ። ላምባ ግን ሰም ያሟሟል። በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛው በላምባ ራሰ፤ ደብተሬም አብሮ። የጥርባዋ ልጅ አንድ ቃል ሳትናገር ወጥታ ሄደች፤ ከጋሪ ነጂዎች የተጣለ የጎማ ላስቲክ ለምና መጣች። አጥፋ አሰረችው፤ ያዘ።

«ጧፉን ለቤተ ክርስቲያን መልሺው የቄስ ልጅ፤ እዚያ ይሻለዋል» አለችኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ መምህሩም ሳቁ። ቀልድ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ አክስቴ ጾም መስሏት ዝም አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አብረን እንድንሠራ ተደለደልን። ብረት መጫንና አረፋ ማየት የእሷ፣ ደብተር መያዝ የኔ። ጽሑፌ ያምራል፤ መስመሬ ቀጥ ያለ ነው። ላምባ ብቻውን ሲሆን ሦስት ኪሎ፣ ቤንዚን ብቻውን ሲሆን ሁለት ኪሎ፤ እየደጋገምን ለክተን በሠንጠረዥ አሰፈርኩት። እሷ ሠንጠረዡን አታየውም ነበር። ሲሪንጁን በመዳፏ ትይዝና፣ ጉንጯ ላይ ታስደግፍና፣ ጥቂት አስባ ትናገራለች። ያለችው ይሆናል። እኔ ደምሬ አካፍዬ የምደርስበት ቦታ እሷን ቀድማኝ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ቅናቱ እንደ ቃር እስከ ጉሮሮዬ ይመጣ ነበር። አምላኬን ስለ ትዕቢት ማረኝ ስለው ከርሜ፣ ትዕቢት ሳይሆን ሌላ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ ጠዋት ጠዋት ኪዳን ሳላደርስ ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። እሷ ደግሞ የምትኖረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ዘመድ ቤት ስለሆነ ማልዳ ትገባለች፤ መምህሩ ቁልፉን ሰጥተዋታል። ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ በር ላይ ትቀበለኛለች።

«ጻፊ፤ ላምባው ዛሬ ሁለት በቃው።»

«ትናንት ከሰዓት ሦስት አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ ጠዋት ሁለት በቃው አልኩሽ እኮ! ቤንዚኑም አንድ።»

እጽፈዋለሁ። ከሰዓት አብረን ስንለካ እንደገና ሦስትና ሁለት ይሆናል። ስለዚህ የጠዋቱን በማስመሪያ ሁለት መስመር አድርጌ እሰርዘዋለሁ። ሥራ ያልለመደ እጅ ስሕተት ነው አልኩ። ከሠላሳ መስመር ዘጠኝ ያህሉን እንዲህ ሰርዣለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በሰረዝኩ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወሬው መጣ። የትምህርት መርማሪው በቆሰበር ሲያልፉ ተማሪዎችን ያያሉ፤ ከስምንተኛ ክፍል አንዲት ሴት መርጠው አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባሉ። አንዲት ብቻ። ለቀረችው በዚያን ጊዜ አካባቢያችን ከስምንተኛ በላይ ትምህርት አልነበረም፤ ወደ ቤቷ መመለስ ነው። መምህሩ ፈተናው በሲሪንጁ ይሁን አሉ። ላምባና ቤንዚን እኩል ለእኩል ይደባለቃል፤ እንዲህ ያለ ድብልቅ ከዚያ በፊት ለክተን አናውቅም። ስንት ኪሎ እንደሚፈጅ እያንዳንዳችን አስቀድመን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን።

አንድ ደንብ ደግሞ ጨመሩ። «እናንተ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይጽፋሉ፤ የማን ራስ እንደሆነ አላውቅም። አሁን አንዷ የጻፉትን ሌላዋ መጻፍ ክልክል ነው።»

በጭነት መኪና ወደ ቆሰበር ሄድን። ሲሪንጁን እሷ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፤ ደብተሩን እኔ ደረቴ ላይ። የምታድረው እኛ ቤት ነበር። ከመኪናው ወርደን አመሻሹ ላይ ወደ ቤት ስንወጣ ብርዱ ጀምሯል፤ እሷ እጆቿን እያፋተገች ጠየቀችኝ፦

«በጠዋት ነው የሚያደርጉት?»

«በጠዋት ነው፤ መርማሪው ከቀትር በፊት ይሄዳሉ።»

«እንዲያ ከሆነ አንድ ኪሎ ከሩብ ይበቃዋል።»

ሳቅኩባት። ሦስትና ሁለት ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ሁለት ተኩል ነው፤ ሕፃን የሚያውቀው ነው።

«ሁለት ተኩል ነው እቴ።»

«ይሁንልሽ» አለችና በሌላ ወሬ ገባች። ማታ እናቴ ገንፎ ስታቀርብላት፣ አባቴን ስለ ጸሎተ ማርያም ስትጠይቅ፣ አባቴም «ጨዋ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማሁ። ይህም ጨመረብኝ።

በማግሥቱ ሳይነጋ እንደ ልማዴ ለኪዳን ተነሣሁ። ቅጥር ግቢው ውስጥ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ስረግጠው እግሬን አቃጠለኝ። ካህናቱ ያደርሳሉ፤ እኔ አንድ ቃል አልሰማም። ጠዋት፣ ብርድ፣ ሁለት በቃው፣ አንድ በቃው። ብርድ ነው! ላምባው ሲበርደው ይበልጥ ይውጣል። ልጅቷ ትክክል ናት፤ ወራቱን ሁሉ ትክክል ነበረች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገባው ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ግን በእግዚአብሔር ቤት ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ቀድማ ትጽፍ ይሆን የሚል።

በቆሰበር ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ መርማሪው፣ መምህራችንና ጥቂት መምህራን ተቀምጠዋል። ሲሪንጁ ቆሟል። መምህሩ ጠመኔውን ይዘው «ማን ይቀድማሉ?» አሉ።

«የቄስ ልጅ ትቅደም» አለች እሷ። «ቤቷ አድሬ፣ እንጀራዋን በልቼ ልቅደማት?»

ወጣሁና ጻፍኩ። አንድ ኪሎ ከሩብ።

ወደ ቦታዬ ስመለስ አላየኋትም፤ ወለሉን ነበር የማየው። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች፤ ጠመኔውን ተቀበለችና በዚያ በሚያነክስ ጽሑፏ ሁለት ተኩል ብላ ጻፈች።

«እንግዲህ ያንቺ ባዶውን ከሚቀር እኔ ልውሰደው» አለችኝ በጎኔ ስታልፍ። ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ ነበር፤ ዐይኗን ግን አላየሁም።

አንዱ ኪሎ ተጫነ። የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ቀረች። ሩቡ ተጨመረ፤ መምህሩ ወዝወዝ አደረጉት፤ ሁሉም ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ። አረፋዋ ጠበበች፣ ጠበበች፣ ጠፋች። አጨበጨቡ። ከሁሉም ጠንክራ ያጨበጨበችው እሷ ናት።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ መርማሪው።

«ብርድ ስለሆነ ነው ጌታዬ።»

መምህራችን ደብተሩን እያገላበጡ ነበር። የተሰረዙትን መስመሮች በጣታቸው እየተከተሉ ቀና አሉ። «እነዚህ የጠዋት ናቸው። ጠዋት የለኩት ማን ናቸው?»

«አብረን ነው» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ የዋሸሁበት ጊዜ የለም። እሷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አላስተባበለችም።

አዲስ አበባ ሄድኩ። ተማርኩ። ከዚያም እዚህ፣ አመዳይ የሚባል ነገር በማይታወቅበት የባሕር ዳር ከተማ፣ ሥራ ሰጡኝ። ደብተሩን ግን ከልብሶቼ ሥር አድርጌ ከቦታ ቦታ ይዤው ዞርኩ።

ንስሐ አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ስግደት ሰጡኝ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፦ «ስግደቱ ለእግዚአብሔር ነው። እሷ ዘንድ ደግሞ ሄደሽ በአፍሽ ንገሪያት።» ስግደቱን በሳምንት ጨረስኩ። ለሁለተኛው ትእዛዝ ግን ዓመት ሙሉ ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ በዛ፣ ጤና አጣሁ። በመጨረሻ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ስንት ቀን ተጉዤ፣ ዳንግላ በገበያ ቀን ደረስኩ።

የጥርባዋ ልጅ በስምንተኛ ክፍል ትምህርቷ በዚያው ትምህርት ቤት የታችኛው ክፍል መምህርት ሆናለች። ጋሪ ተሳፍሬ ስደርስ ልጆቹን ሜዳ ላይ ሰብስባ አገኘኋት። በመካከላቸው የእንጨቱ መቆሚያ፤ በመቆሚያው ላይ ያ ጠርዙ የተሸረፈ ሲሪንጅ። መምህራችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእሷ ትተውላት ሄደዋል። ልጆቹ «ሁለት!»፣ «አይ፣ አንድ ተኩል!» እያሉ ይጮሃሉ፤ እሷ ከት ብላ ትስቃለች። የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት። ባለ መስታወትና ባለ መለኪያ ላቦራቶሪ ያለኝ ሴት፣ አንድ አሮጌ ሲሪንጅ ተመኘሁ።

«የቄስ ልጅ! የባሕር ሰው ሆነሽ ቀረሽ እኮ! ምነው እንዲህ ጠቆርሽ?» ብላ አቅፋ ሳመችኝ።

ልጆቹን ሸኝታ አጥሩ ሥር ተቀመጥን። አጠገቤ ተቀምጣ ስትጠብቅ መግቢያ አጣሁና እንዲያው ዘረገፍኩት። «ቁጥሩን የሰረቅኩሽ እኔ ነኝ። አብረን ለካን ያልኩትም ውሸት ነው። ይቅር በይኝ።»

«አውቃለሁ እኮ። እዚያው ነበርኩ» አለችኝ።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ቤትሽ አድሬ በማግሥቱ በሰው ፊት ሌባ ልበልሽ? አባትሽ ጨዋ ልጅ ብለውኝ።» ሣር ነቅላ ትቆራርጥ ጀመር። «ቁጥሩስ ይሁን። በማግሥቱ ሌላ ቁጥር ይመጣልኛል። ያቃጠለኝ ስረዛሽ ነው። መምህሩ ደብተሩን ሲገልጡት አየሁት። እጄ ደንዝዞ፣ ብረቱ ከጣቴ ላይ እየተጣበቀ ያየሁትን፣ በማስመሪያ! ያውም ሁለት መስመር!»

እንዴት አስቀድማ እንዳወቀች ያኔም ጠይቄያት አላውቅም፤ አሁን ጠየቅኳት። ከጥርባ በታች፣ ከመንደራቸው አጠገብ፣ ከብት የሚጠጣው የሚንተከተክ ምንጭ አለ አለችኝ። ቀትር ላይ እንደ ድስት ይፈላል፤ ያን ጊዜ ከብቶቹ አይወዱትም። ሳይነጋ ሲቀዳ ዝም ያለ ነው፤ ሲቀምሱት ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል። «ጉልበቱ በብርድ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ሲነካው ይወጣል። እናቴ ሳይነጋ የምትቀሰቅሰኝ ለዚህ ነበር። ላምባውም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ነው። አንቺ ኪዳን ስትሄጂ እኔ ይህን ሳደርስ ነው ያደግኩት» ብላ ሳቀች።

ይቅር ብያለሁ አለችኝ። ከዚያ፣ ስነሣ፣ እጄን ያዘችና «ደብተሩ አለ?» አለችኝ።

«አለ።»

«ስጪኝ።»

«እሱማ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

«እጁ ያንቺ ነው። ዐይኑስ የማን ነው?»

እልክልሻለሁ ብዬ ተለያየን። ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ስንት ጊዜ ልጠቀልለው አውጥቼ መልሼ ከልብሴ ሥር ከተትኩት። ሲሪንጁ እሷ ዘንድ ነው፤ ደብተሩም ከሄደ ምን ይቀረኛል እያልኩ።

በዚህ ሳምንት ግን ለራሴ ግልባጭ አስቀርቼ ዋናውን ልላክላት ብዬ ተቀመጥኩ። ከሠንጠረዡ ስደርስ የሰረዝኳቸውን ዘጠኝ መስመሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አነበብኳቸው። ላምባ በጠዋት ሁለት። ቤንዚን በጠዋት አንድ። ለእኩል ድብልቅ አማካዩ አንድ ተኩል ነው። ይህ የዳንግላ ጠዋት ነው፤ ቆሰበር ደግሞ ከዳንግላ ይበርዳል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። አንድ ኪሎ ከሩብ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በገዛ ደብተሬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የቆሰበርን ብርድ ከኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ባልሰርዛቸው ኖሮ ሳልሰርቅ እደርስበት ነበር፤ ምናልባትም በዚያች ጠዋት ሁለታችንም እኩል አውቀን፣ ማን እንደምትሄድ በሌላ ነገር ይለይ ነበር።

ግልባጩን ያለ ስረዛ ጻፍኩት። በየመስመሩ መጨረሻ የለካውን ሰው ጻፍኩ፤ በጠዋቶቹ ሁሉ እሷን፣ ለብቻዋ። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፈተናው ቁጥር አጠገብ፣ «አስቀድማ የተናገረችው እሷ ናት» ብዬ ፈረምኩበት። ይህን ገጽ ከግልባጩ ቀድጄ ዋናው ደብተር ውስጥ አስገባሁትና ዋናውንም ግልባጩንም አብሬ በአቡጀዲ ሰፋኋቸው። ለኔ ምንም አላስቀረሁም። ነገ ወደ ደሴ ለሚወጣው ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በፖስታ ይደርሳል።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብለው ንስሐ አባቴ ቢጠይቁኝ ግን ምን እንደምመልስ አላውቅም። የመጨረሻውን ስፌት ስሰፋ ደብተሩን የምትገልጥበት ጠዋት ታየኝ፤ ሣሩ እርጥብ ነው፣ ልጆቹ እጃቸውን በብብታቸው ከተው ከበዋታል፣ እሷ መስመሮቿን በጣቷ እያሳየች ቀድማችሁ ተናገሩ ትላቸዋለች። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። በነዚያ ልጆችም ቀናሁባቸው።